ድሩሲላ ውሃ የገባች ዕለት

ሰባት ዓመቴ ላይ አክስቴ አርሚንዳ አያቴን ውሃ ውስጥ ደፍቃ ስትገድላት በዓይኔ አይቻለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን እንደ ስሜ አውቀው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ እነግራችኋለሁ፤ ግን ነገሩን ከመነሻው ካልያዝነው ውሉ ይጠፋብናል።

አያቴ ድሩሲላ ትባላለች። ከቴነሲ ተነስታ አምስት ወር በበሬ ጋሪ ተጉዛ፣ መንገድ ላይ ሁለት ልጆች ቀብራ፣ ሦስተኛውን፣ አጎቴን ኤሊሁን፣ ጡት እያጠባች ቴክሳስ የገባች ሴት ናት። ፔካን ጅረት ዳር ሲደርሱ አንድም ቤት አልነበረም። እሷ ነገሩን ስታወራው «ጅረቱ ነበረ፣ ትንኙ ነበረ፣ እኛ መጣን፤ በቃ» ነበር የምትለው። ባሏ ግንድ ሲቆርጥ ጠመንጃ ይዛ ትጠብቀው ነበር። ባሏ ሲሞት ግንዱንም ራሷ ቆረጠች። አዋላጅም ሆነች፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ። እኔ ሳውቃት ጥርሷ ሦስት ነበር፣ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል፤ ሱረቷን ጫፉ በታኘከ ቀጭን እንጨት እየጠቀሰች ከንፈሯ ሥር ትወሽቃለች፣ ስትተፋ ደግሞ የምድጃውን አመድ አትስትም። ይህ ችሎታዋ እጅግ ያኮራኝ ነበር።

እናቴ እኔን ስትወልድ እዚያው አያቴ እጅ ላይ ሞታለች። አባቴ የባቡር ሐዲድ ሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አያቴ፣ ያላገባችው አክስቴ አርሚንዳና እኔ፣ ሩሃማ። አጎቴ ኤሊሁ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከኮረብታው ማዶ ይኖራል። የአቤንኤዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን እሱ ነው፤ የማኅበሩ መዝገብ በእሱ እጅ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ደግሞ የናና ከረሜላ አይጠፋም።

ማኅበራችን በወር አንድ ቅዳሜ ጉባኤ ይቀመጣል። አጎቴ ከመዝገቡ ፊት ይቆምና «የሚናገር አለ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገር አይጠፋም፤ እገሌ ውስኪ ጠጣ፣ የእገሌ ልጅ ሰርግ ላይ ጨፈረች። ተከሳሹ ቆሞ ካለቀሰ ይቅር ይባላል፣ ካላለቀሰ ይባረራል። ለእኛ ለልጆቹ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ አልነበረም። የዚያን ጥር ቅዳሜ ግን ብድግ ያለችው አያቴ ናት።

«የምናገረው አለኝ፣ ወንድሞች።»

«እማዬ፣ ተቀምጠሽ ተናገሪ፤ እግርሽ…»

«አርባ ዓመት ተቀምጬ ዝም ብያለሁ፤ ይበቃኛል።» የአክስቴን ትከሻ ተደገፈች። «እኔ አልተጠመቅሁም።»

ምድጃው አጠገብ የተቀመጡት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

ታሪኩን ተናገረች። ቴነሲ እያለች ጌታን እንዴት እንዳገኘች በማኅበሩ ፊት መስክራ፣ ተቀብለዋት፣ የጥምቀቷ ቀን ተቆርጦ ነበር። በዚያ እሑድ ወንዙ ሞላ። ማክሰኞ ጋሪዎቹ ተነሱ። ባሏ «ቴክሳስም ወንዝ አይጠፋም» አላት። እውነትም አልጠፋም፤ ግን ድርቅ መጣ፣ ከዚያ ወሊድ፣ ከዚያ ወረራ፣ ከዚያ ሌላ ወሊድ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ተጓዥ ሰባኪ ደርሶ ሰፋሪዎቹን ከአንድ የበሉጥ ዛፍ ሥር ሰበሰባቸውና «ሰባት የተጠመቁ አማኞች ካላችሁ ዛሬውኑ ቤተ ክርስቲያን አቆምላችኋለሁ፤ ከሰባት ካነሳችሁ ግን አይሆንም» አላቸው። ተቆጠሩ። ከእሷ ጋር ሰባት ሞሉ።

«ባሌ ‹እኔም እሷም ተጠምቀናል› አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሰባኪው በማግስቱ ሊሄድ ነው፤ ሌላ ሰባኪ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት እየቀለለኝ ሄደ።»

መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ወንድም ሔኖክ ነበሩ። ጆሯቸው ብዙም ባይሰማ ይህን ግን ሰምተዋል።

«እንዴ! ቆይ፣ ቆይ! እሷ ካልተጠመቀች እኮ ስድስት ነበሩ። ስድስት ከነበሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የለም። ታዲያ እኔን ያጠመቀኝ ማን ነው? ያ ውሃ እኮ አጥንት የሚሰብር ነበር!»

ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ተንጫጫ። አሁን ሳስበው የወንድም ሔኖክ ሒሳብ ትክክል ነበር፤ በእኛ ሰዎች ሥርዓት ማለቴ ነው። በትክክል የቆመ ማኅበር ያላጠመቀው ሰው ገላውን ታጠበ እንጂ ተጠመቀ አይባልም። አቤንኤዘር በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ጅረቱ ውስጥ ነክራለች፤ ከእነሱ ሦስቱ ሰባኪ ሆነው በየአገሩ ስንቱን ነክረዋል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት፣ ግንባር ላይ ጥርኝ ውሃ ጠብ አድርገው አጠመቅን የሚሉት ሜቶዲስቶች ይህን ቢሰሙ ስቀው አይጠግቡም ነበር።

ያኔ ግን ይህ ሁሉ አልገባኝም። የገባኝ አያቴ ከባድ ጥፋት እንዳጠፋች፣ ሰው ሁሉ እንደተቆጣትና ነገሩ ከውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑ ብቻ ነው።

«ጥፋቴን አውቃለሁ» አለች አያቴ። «አሁን ደግሞ ልሞት ነው። አትንጫጩ፤ ሰው ሊሞት ሲል አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ሳልሞት አጥምቁኝ። ነገ።»

«በጥር?» አለ አጎቴ።

«ጥርም ውሃ አለው።»

«እማዬ፣ በዚህ ብርድ ብትገቢ በድን ሆነሽ ነው የምትወጪው! ነሐሴ ይምጣና ያኔ…»

«ነሐሴን አላየውም።»

አጎቴ መዝገቡን ዘጋ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «እናቴን በገዛ እጄ አልገድልም! ታማለች፣ ዕድሜ ተጫጭኗታል፣ የምትናገረውንም አታውቅም። ይህ ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የተስማማችሁ እጃችሁን አንሱ።»

ወንዶቹ እጃቸውን አነሱ። በማኅበራችን ሴት እጅ አታነሳም ነበር። አያቴ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ግማሻችሁን ራቁታችሁን በእነዚህ እጆቼ ተቀብያችኋለሁ፤ በአንዳችሁም አላፈርኩም» አለችና ተቀመጠች።

ያን ቀን አጎቴን ኤሊሁን ከሰው ሁሉ አስበልጬ ወደድኩት። ሁሉም ሲቆጣት እሱ ብቻ አለቀሰላት። እንባው የውሸት ነበር አልልም። ለእናቱ ፈርቶ ነበር፣ ለመዝገቡም ፈርቶ ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥበት ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሳምንቱ ዓርብ ወጥ ቤት ገብቼ ከጠረጴዛው ሥር በበቆሎ ቆረቆንዳ አሻንጉሊት እሠራ ነበር። አክስቴና ጎረቤታችን እህት ቪኒ ጠረጴዛው ላይ ይሰፋሉ። እህት ቪኒ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ዘጠኝ ልጆቿን በሙሉ አያቴ ያዋለደቻት ሴት ናት። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። የሚሰፉት በአያቴ ልክ የተቆረጠ ረጅም ነጭ ቀሚስ ነው። አክስቴ ከወንድ አያቴ የጥይት ሳጥን የእርሳስ አረር እያወጣች ታቀብላለች፣ ቪኒ ደግሞ የቀሚሱ ዘርፍ ውስጥ እየከተተች ትሰፋበታለች።

«ይበቃል?»

«ምኑ ይበቃል! ሌላ ስድስት ጨምሪ። ሲከብድ ነው የሚሻለው።»

«ኤሊሁ ቢሰማስ?»

«ሰኞ የፍርድ ቤት ቀን ነው፤ ወንድ የተባለ ሁሉ ከተማ ነው የሚውለው። ሰባኪው ከወንዝ ማዶ በቀትር ይመጣል። ለማንም ትንፍሽ አልልም ብሎኛል።»

«ትችለዋለች ብለሽ ነው፣ አርሚንዳ? ልቧ እኮ…»

አክስቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ላትችለው ትችላለች። እሷም ታውቀዋለች።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ምን ታውቃለች!»

ልጅቷ ግን የምታውቀው ነበራት። ጥምቀት ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ጥምቀት በነሐሴ ነው፤ ሰው ሁሉ ጅረቱ ዳር ቆሞ ይዘምራል፤ ሲያበቃ ዛፍ ሥር የተጠበሰ ዶሮና የኮክ ኬክ ይበላል። በጥር፣ ተደብቆ፣ ሳይዘመር የሚደረግ ጥምቀት አይቼ አላውቅም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ የአጎቴ ሠራተኛ ባለፈው በጋ የድመት ግልገሎች ጆንያ ውስጥ ከትቶ፣ ድንጋይ ጨምሮ፣ አፉን አስሮ ጅረቱ ውስጥ ሲወረውር። እርሳስ ከድንጋይ እንደሚከብድ ማንም አያጣውም። አያቴ አጥፍታለች፤ ቅጣቷም ይኸው ነው አልኩ።

እርሳሱ የሚሰፋው የቀሚሱ ዘርፍ ውሃው ላይ ተነፍቶ የሴት እግር እንዳይታይ መሆኑን ያወቅሁት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ የራሴን የጥምቀት ቀሚስ ስለብስ ነው። ያን ዓርብ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እሑድ ከስብከት በኋላ አጎቴ እንደ ልማዱ ከረሜላ ሰጠኝ። ከአፌ ሳላስገባው እጀ ጠባቡን ጎተትኩት።

«አጎቴ፣ አያቴን ነገ ሊያሰምጧት ነው።»

«ማን ነው የሚያሰምጣት?»

ሁሉንም ነገርኩት። ቀሚሱን፣ እርሳሱን፣ ቀትሩን፣ ሰባኪውን፣ አንድም ሳላስቀር። አጎቴ ተንበርክኮ ፊት ለፊት አየኝ። አልሳቀም። «ኧረ አይደለም ልጄ፣ ሊያጠምቋት ነው እንጂ» አላለኝም። እንዲህ ቢለኝ ምን ነበረበት! «ጎበዝ ልጅ። ለማንም እንዳትናገሪ» አለና ሁለተኛ ከረሜላ ጨመረልኝ። እስከ ዛሬ ያልተውኩለት ይህችን ነው። ጥምቀቱን ማስቀረቱ የእሱና የእናቱ ጉዳይ ይሁን፤ እኔን ግን ከነፍርሃቴ ትቶኝ ሄደ።

ሰኞ በቀትር አያቴን ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ጋሪ ላይ ጫኗት። ነጩን ቀሚስ ለብሳ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርባለች። እኔን የምትተውበት ሰው ስላልነበረ አክስቴ ይዛኝ ወጣች። ሰባኪው ጢሙ ገና ያላደገ ወጣት ነው፤ ጆሮው በብርድ ቀልቷል። ጅረቱ ዳር ስንደርስ አጎቴ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ መልካው ላይ ይጠብቀን ነበር። ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

«የትኛው ማኅበር ነው አጥምቅ ብሎ የላከህ?» አለው አጎቴ ሰባኪውን፣ ከፈረሱ ሳይወርድ።

«እ… እማማ ለምነውኝ ነው።»

«እማማ ማኅበር አይደለችም። የማን ድምፅ ነው ያዘዘህ?»

«የማንም።»

«እንግዲያው ዛሬ ውሃ ብትገባ ስምህ ከዚህ እስከ ባሕሩ ዳር በየቤተ ክርስቲያኑ ይነሳል። ምርጫው ያንተ ነው።»

ወጣቱ መጽሐፉን አጠፈ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለና በቅሎውን ፈትቶ ሄደ።

አያቴ እስኪርቅ አየችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ኤሊሁ፣ ውረድና አንተው አስገባኝ። ዲያቆን አይደለህ? ና፣ የኔ ልጅ።»

«አልችልም፣ እማዬ።»

«ከቴነሲ እስከዚህ ተሸክሜህ መጥቻለሁ። ካንተ የምፈልገው አሥር እርምጃ ነው።»

አጎቴ ኮርቻውን እያየ ቀረ። ጅረቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ስስ በረዶ ይዞ ነበር። እህት ቪኒ ብስጭቷን መያዝ አቃታት።

«ማነው የነገረው? ይህን ያወጣው ማነው? አርሚንዳ፣ እኔ እንደሆንኩ ለባሌ እንኳ አልተነፈስኩም!»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ሽልማት የምጠብቅ ይመስለኛል። የአያቴ እጅ አናቴ ላይ አረፈና ጫን አደረገኝ።

«እኔ ነኝ የላክሁበት» አለች። «እንደ ሌባ ተደብቄ መግባት አስጠላኝ። በቃ፣ ቤቴ ውሰዱኝ፤ በረደኝ።»

ውሸቷን ነበር። አጎቴ ማን እንደነገረው ያውቃል፣ ግን ትንፍሽ አላለም። እኔ ደግሞ አርጅታ ረስታው ነው ብዬ አዘንኩላት። እንዴት እንዳወቀችብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቴን አይታ ይሆናል። ልትጠመቅ በወጣችበት ቀን ለእኔ ብላ ዋሸች።

ያን ምሽት አልጋ ውስጥ ሆነን «ሩሃማ፣ ከእንግዲህ የሚያስፈራሽ ነገር ስታዪ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። በኋላ ስታለቅስ ሰማኋት። ከሞት ስለተረፈች ደስ ብሏት ነው ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሳችም። ማክሰኞ አሬራ እንኳ አልወርድ አላት። ረቡዕ አጎቴ መጥቶ አልጋዋ አጠገብ ሲጸልይ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ሐሙስ ከሰዓት በፊት እህት ቪኒ መጣችና አክስቴ «ሂጂ እንቁላል ሰብስቢ» ብላ ሰደደችኝ። በዚያ ብርድ ዶሮዎቻችን መጣል ካቆሙ ሰንብተዋል። ይህን አክስቴም ታውቃለች፤ ስለዚህ ወጥ ቤቱን ዞሬ ከኋላ ተጠጋሁ። ወጥ ቤታችን ከቤቱ ተነጥሎ በግንድ የተሠራ ነው፤ በግንዶቹ መሐል የተለሰነው ጭቃ አንድ ቦታ ረግፎ ስንጥቅ ነበረው።

መጀመሪያ ያየሁት እንፋሎት ነው። ከዚያ ገንዳውን አየሁ። አሳማ ስናርድ ፀጉሩ እንዲለቅ ሬሳውን ሙቅ ውሃ ውስጥ የምንነክርበት የእንጨት ገንዳ ነው፤ የገናውን አሳማ የነከርንበት አንድ ወር አልሞላውም። አያቴ ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። አክስቴ በአንድ በኩል፣ ቪኒ በሌላው አንስተው ገንዳው ውስጥ አጋደሟት። ቪኒ ከራስጌ፣ አክስቴ ከደረቷ ያዟትና ደፈቋት። ጭንቅላቷ ጠፋ። ጉልበቷ ብቻ ወጥቶ ይታይ ነበር። ከዚያ ቀና አለች፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ አፏ ተከፍቶ፣ እጇን እያወራጨች አንድ ነገር ትናገራለች። ምን እንደምትል አልሰማሁም፤ ለመነቻቸው ብዬ ነው ያሰብኩት። አክስቴ እጇን ከደረቷ አንስታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና በሙሉ ክብደቷ ተጫነች። ቪኒ ጭንቅላቷን እንደገና ደፈቀች። አያቴ ሙሉ ለሙሉ ጠፋች።

ሮጥኩ። የበቆሎው ጎተራ ውስጥ ገብቼ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። የሚያስፈራ ነገር ሳይ ለአያቴ እንድነግራት ቃል ገብቻለሁ፤ አሁን ለማን ልንገር? ለአጎቴ ነግሬ ያየሁት ይበቃኛል። ነግሬው አያቴን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው ያተረፋት።

ስመለስ አያቴ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ዓይኗ ተከድኗል፣ ፀጉሯ ርጥብ ነው፣ ትንፋሿ ቆይቶ ቆይቶ ይመጣል። «ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት» አለች አክስቴ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ዓርብ ጎህ ሲቀድ አያቴ ሞተች። ውሃው አፍጥኖባት ይሆን? ይሆናል። አክስቴም ብትሆን ይህን አትክድም።

አጎቴ ቀብሩ ላይ አምርሮ አለቀሰ። ድንጋዩን ከከተማ አስመጥቶ «የአቤንኤዘር መሥራች፤ አርባ ዓመት የታመነች ባፕቲስት» ብሎ አስቀረጸበት። መዝገቡም እስከ ዛሬ ሰባት ነው የሚለው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ከአክስቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ አሥር ዓመት ተኛሁ፤ ከአያቴ አልጋ ሌላ አልነበረንም። እሷ ቀድማ ካልቀመሰች የበቆሎ ቂጣዋን አልበላም ነበር። ገላዬን ልታጥበኝ ስትል ስለምጮህ ከስድስት ወር በኋላ ተወችኝ። «ምነው ይህች ልጅ እጄን ጠላችው?» ስትል ለቪኒ ሰምቻታለሁ፤ ቪኒም «ሐዘን ነው፣ ይለቃታል» አለቻት። በአሥራ አራት ዓመቴ የእርሳሱ ነገር ሲገባኝ፣ እሺ፣ ጅረቱ ዳር የተወሰደችው በእርግጥ ለጥምቀት ነበር አልኩ። ገንዳውን ግን አልተውኩላቸውም። ሰባኪ አልነበረም፣ መዝሙር አልነበረም፤ ደግሞም ሰው የሚጠመቀው አንድ ጊዜ ነው። ሁለቴ ተደፍቃለች። ሁለቴ የሚደፈቅ ሰው ሊገደል ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ መጀመሪያ የጠየቀኝን ሰው አገባሁና ወጣሁ።

ባለፈው መኸር አክስቴ ቤቱን ልትለቅ ስለሆነ ዕቃ ላግዛት በመኪና ሄድኩ። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አያቴን መስላለች፣ ሱረቱ ብቻ ሲቀር። ሣህን በጋዜጣ እየጠቀለልን ሳለ ድንገት «ቪኒ ሞተችብኝ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«አብረን የማልንበት ነገር ነበር። አሁን እሷን ማንም አያባርራትም። እኔንም ቢያባርሩኝ ለመች ልቆይ ነው!» ሣህኑን አስቀመጠች። «እማዬን አጥምቀናታል። እኔና ቪኒ። አሳማ የምንነክርበት ገንዳ ውስጥ።»

እጄ ላይ የነበረውን ሣህን ምን እንዳደረግሁት አላስታውስም። የወጣኝ ቃል ግን ይህ ነበር፤ «ሁለት ጊዜ ደፈቃችኋት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«በግንዱ ስንጥቅ አይቻለሁ። ለምን ሁለት ጊዜ?»

አክስቴ መሳቅ ጀመረች። እየሳቀች አፏን በመሐረቧ ያዘች።

«ገንዳው አጥሮን ነዋ! መጀመሪያ ስናስገባት ጉልበቷ ውጭ ቀረ። እኔና ቪኒ፣ ግድ የለም፣ ጌታ ያውቀዋል ብለን ልናወጣት ስንል እሷ ሆዬ ብድግ ብላ ‹ጉልበቴ አልገባም!› አትለንም! ውሃው ከአፍንጫዋ እየወረደ፣ እጇን እያወናጨፈች ‹ሜቶዲስት ልታደርጉኝ ነው እንዴ? ድገሙኝ!› አለችን። ደገምናት። እኔ ጉልበቷን ተጫንኩ።»

«ይቆጠርልኛል ብላ አምና ነበር?»

«የት አባቷ! ‹ሰባኪ የለ፣ ድምፅ የሰጠ ማኅበር የለ፣ አጥማቂዎቹ ሁለት ሴቶች፣ ወንዙ የአሳማ ገንዳ፤ ኤሊሁ ቢያይ ገላዋን ታጠበች ነው የሚለው› እያለች ትስቅ ነበር። ስናደራርቅላት ግን ሳቋን ተወችና ‹እኔ የምችለው ይህን ነው፤ የጎደለውን እሱ ይሙላበት› አለች። ከዚያ ተኛች። እንዲያ ተኝታ አይቻት አላውቅም።»

አክስቴ መሐረቧን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«አንቺስ? ያን ስታዪ ምን መሰለሽ?»

ነገርኳት። አልሳቀችም። ሣህን አንስታ መጠቅለል ጀመረች፣ ጋዜጣው ተቀደደባት፣ ሌላ አነሳች።

«አሥር ዓመት አብረን ተኝተናል» አለች።

«አዎ።»

«ክረምት ክረምት ብርድ ልብሱ ይሸሽብሽ ነበር። ግድግዳው ጋ ተለጥፈሽ ስለምትተኚ። ሌሊት እየተነሳሁ አለብስሽ ነበር። ስነካሽ ትንፋሽሽን ዋጥ ታደርጊ ነበር። እንቅልፍ ውስጥ ሆነሽ ነው የሚመስለኝ።»

«ነቅቼ ነበር» አልኳት። «ሁልጊዜ ነቅቼ ነበር።»